ገበያ ሽቅብ ሲወጣ አጠራጣሪ አክሲዮንን ሾርት ማድረግ፦ መንገዶቹ ሲነጻጸሩ

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ለዓመታት ሽቅብ ሲወጣ፣ ከጥሩዎቹ ኩባንያዎች ጋር አብረው ሽቅብ የሚወጡ ሌሎችም አሉ። ትርፋቸው በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ፣ ሒሳባቸው ሲመረመር የማይገጥም፣ ወይም ዋጋቸው ከሚሠሩት ሥራ ጋር የማይገናኝ ናቸው። ይህን ያስተዋለ ሰው «ይህ አክሲዮን አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም፤ ከውድቀቱ ማትረፍ ይቻል ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ይቻላል፤ መንገዱ ግን አንድ ብቻ አይደለም። አክሲዮኑን ተውሶ ሸጦ በኋላ ገዝቶ መመለስ (በተለምዶ ሾርት ማድረግ የሚባለው)፣ ፑት የተባለውን ኦፕሽን፣ ማለትም በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብትን፣ መግዛት፣ አንዱን አክሲዮን ሸጦ ሌላውን በመግዛት ማጣመር፣ ገበያው ሲወርድ የሚወጣ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ) መያዝ፣ እንዲሁም ከነገሩ ጨርሶ መራቅ፣ ሁሉም የየራሳቸው ወጪና የየራሳቸው አደጋ ያላቸው ምርጫዎች ናቸው።

ይህ መመሪያ በአሜሪካ ደላሎች ዘንድ አካውንት ከፍተው በራሳቸው ገንዘብ ለሚነግዱ አንባቢዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምርጫዎቹን የማነጻጽርበት ዋና መለኪያ ጊዜ ነው። ስለ አንድ ኩባንያ በትክክል መፍረድ ከባድ ቢሆንም ብዙ ትጉህ ሰዎች ይሳካላቸዋል፤ ገበያው በሚወጣበት ወቅት የሚያከስራቸው ያ ፍርድ እውን እስኪሆን ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንገድ አስቀድሞ መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ሁለት ዓመት ቀድሜ ብገባ ምን ይደርስብኛል?» የሚለው ነው።

ውድ አክሲዮንና አጠራጣሪ አክሲዮን

መንገድ ከመምረጥ በፊት ዒላማውን መለየት ያስፈልጋል። ዋጋው የተጋነነ አክሲዮን የምንለው ኩባንያው እውነተኛ ሥራ እየሠራ ገበያው ከሚገባው በላይ የከፈለበትን ነው፤ አጠራጣሪ የምንለው ደግሞ ኩባንያው ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር እውነት መሆኑ የሚያጠያይቀውን ነው። የመጀመሪያው የሚወድቅበት የተቆረጠ ቀን የለውም። ዛሬ በትርፉ 50 እጥፍ የሚሸጥ አክሲዮን፣ ገዢ እስካለ ድረስ፣ ነገ በ100 እጥፍ ሊሸጥ ይችላል፤ በዚህ መሃል ኩባንያው አድጎ ለዋጋው ብቁ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ሁለተኛው ግን የሚያሳድደው ቀን አለው፤ ኦዲተር ሊፈርምለት ይገባል፣ ዕዳው የሚከፈልበት ጊዜ ይደርሳል፣ በሌለ ትርፍ ደመወዝ መክፈል ስለማይቻልም ጥሬ ገንዘብ ያልቅበታል።

ልዩነቱን በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ማየት ይቻላል። የፈንድ አስተዳዳሪው ዴቪድ አይንሆርን በ2008 የሌማን ብራዘርስን ሒሳብ በአደባባይ ሲጠይቅና አክሲዮኑን ሾርት ሲያደርግ፣ ባንኩ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ለኪሳራ አመለከተ። ይኸው ሰው በ2014 የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች ዋጋ ከልክ አልፏል ብሎ ብዙዎቹን በአንድ ቅርጫት ሰብስቦ ሾርት አደረገ፤ ከጊዜ በኋላ በዚህ ቅርጫት ውስጥ አማዞን፣ ኔትፍሊክስና ቴስላ ይጠቀሱ ጀመር። የተከተሉት ዓመታት ለእነዚህ አክሲዮኖች የዕድገት ዓመታት ሆኑ፤ የአይንሆርን ፈንድ ግሪንላይት በ2018 34 በመቶ ያህል ከሰረ፤ ለዚህ ኪሳራ ሌሎች ምክንያቶችም ቢኖሩ። ቴስላ ብቻውን በ2020 ከ700 በመቶ በላይ ወጥቷል፤ ያን ዓመት በእርሱ ላይ ሾርት ያደረጉት ሰዎች ኪሳራ ሲደመር በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የዋጋ ግምት አዋቂዎች ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረው መከራከሪያ ግን «ውድ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

የአጠራጣሪነት ምልክት በአብዛኛው በኩባንያው የሒሳብ መግለጫ ውስጥ ይገኛል። ትርፉ እያደገ ከሥራው የሚያገኘው ጥሬ ገንዘብ ባለበት ከቆመ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበው ሒሳብ ከሽያጩ ፈጥኖ ካደገ፣ ብዙ ጥሬ ገንዘብ በባንክ አለኝ እያለ ሳይታክት የሚበደርና አዲስ አክሲዮን የሚሸጥ ከሆነ፣ የፋይናንስ ኃላፊው ወይም ኦዲተሩ በድንገት ከለቀቀ፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ ከቀነ ገደቡ ካለፈ፣ ወይም ትልልቅ ውሎቹ ከአመራሩ ዘመዶችና ሸሪኮች ጋር የተፈረሙ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሦስትና አራቱ ሲደራረቡ ግን ጉዳዩ ከዋጋ ክርክር ወጥቶ የእውነት ክርክር ይሆናል። እኔ ውድ በመሆኑ ብቻ አንድን አክሲዮን ሾርት ማድረግን በየትኛውም መንገድ ቢሆን ለግለሰብ አልመክርም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው አጠራጣሪውን ነው።

አክሲዮኑን ተውሶ መሸጥ

በተለምዶ ሾርት ማድረግ ሲባል የሚታሰበው ይህ ነው። ደላላው ከሌላ ደንበኛ ወይም ከሌላ ተቋም አክሲዮን ይዋስልዎታል፣ እርስዎ በዛሬው ዋጋ ይሸጡታል፣ በኋላ ከገበያ ገዝተው ይመልሳሉ፤ ከሸጡበት ባነሰ ዋጋ ከገዙ ልዩነቱ ትርፍዎ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚያበቃበት ቀን አለመኖሩ ነው። ብዙ አክሲዮን በገበያ ላይ ያለው ታዋቂ ኩባንያ ከሆነ የውሰቱ ክፍያ በዓመት ከ1 በመቶ በታች ሊሆን ስለሚችል መጠበቅ ርካሽ ነው። ዋጋው በአንድ ዶላር ሲወርድም ትርፉ ከዚያው ከመጀመሪያው ዶላር ይጀምራል።

ችግሩ ዋጋው ሲወጣ የሚፈጠረው ነው። በ50 ዶላር 100 አክሲዮን ተውሰው ሸጡ እንበል። ከሽያጩ 5,000 ዶላር ይገኛል፤ የፌዴራል ሪዘርቭ ደንብ ደግሞ ከራስዎ ተጨማሪ 50 በመቶ፣ ማለትም 2,500 ዶላር፣ እንዲያስይዙ ይጠይቃል። በአካውንቱ ውስጥ 7,500 ዶላር አለ ማለት ነው። የአሜሪካ ደላሎችን የሚቆጣጠረው ፊንራ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መያዣ የአክሲዮኑ የወቅቱ ዋጋ 30 በመቶ ስለሆነ፣ ዋጋው 57 ዶላር ከ69 ሳንቲም ሲያልፍ ደላላው ገንዘብ ጨምሩ ይላል። ይህ የ15 በመቶ ጭማሪ ብቻ ነው፤ በሚወጣ ገበያ አጠራጣሪ አክሲዮን ይህን ያህል በአንድ ሳምንት ሊወጣ ይችላል። 75 ዶላር ሲደርስ ያስያዙት ሁሉ አልቋል፤ 100 ዶላር ሲደርስ ያስያዙትን እጥፍ ከስረዋል። ብዙ ደላሎች ደግሞ ለሚዋዥቅ አክሲዮን ከ30 በመቶ ብዙ የሚበልጥ መያዣ ይጠይቃሉ፤ መጠኑንም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለውጡት ይችላሉ።

ከዚህ ቁጥር በላይ ሊጤን የሚገባው አንድ ነገር አለ። አክሲዮን ገዝተው ዋጋው ከወረደ፣ ያ አክሲዮን በጠቅላላ ሀብትዎ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ እያነሰ ይሄዳል፤ ስሕተቱ ራሱን በራሱ ያሳንሳል። ሾርት አድርገው ዋጋው ከወጣ ግን የተሳሳቱበት ነገር በየቀኑ እየገዘፈ የአካውንትዎን ትልቅ ክፍል ይይዛል፤ በትክክል መቀነስ ያለበትም ድፍረትዎ እጅግ በሚፈተንበት ሰዓት ይሆናል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ የተዋሱት አክሲዮን የእርስዎ አይደለም። ባለቤቱ ሲሸጠው ደላላው ምትክ ካላገኘ፣ በማይመችዎ ቀን በማይመችዎ ዋጋ ገዝተው እንዲመልሱ ይገደዳሉ። ኩባንያው የትርፍ ድርሻ ከከፈለ ለአክሲዮኑ ባለቤት የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የውሰት ክፍያውም ቋሚ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚጠረጥረውና ለውሰት የሚቀርበው ትንሽ የሆነ አክሲዮን በዓመት 30፣ 50፣ አንዳንዴም ከ100 በመቶ በላይ ያስከፍላል።

በዚህ ላይ መጨናነቅ የሚባለው ነገር ይጨመራል፤ ሾርት ያደረጉት ሰዎች በፍርሃት ለመግዛት ሲሽቀዳደሙ ራሳቸው ዋጋውን ያንሩታል። የቪዲዮ ጌም ሱቆች ያሉት ጌምስቶፕ በ2021 መግቢያ ላይ በገበያ ከሚዘዋወረው አክሲዮን ብዛት በላይ ሾርት ተደርጎበት ነበር። በ2020 መጨረሻ ከ20 ዶላር በታች የነበረው ዋጋ ጃንዩወሪ 28 ቀን 2021 በቀኑ ውስጥ 483 ዶላር ደረሰ። ጌምስቶፕን ሾርት ያደረገው ሜልቪን ካፒታል የተባለ ፈንድ በዚያ ወር ብቻ ከግማሽ በላይ ሀብቱን አጣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ተዘጋ። የጌምስቶፕ ሱቆች ንግድ እየደከመ ነው ያለው ትንታኔ ግን ስሕተት አልነበረም። ፎልክስቫገንም እንዲሁ ነው። ፖርሸ ኦክቶበር 26 ቀን 2008 በአክሲዮንና በኦፕሽን 74.1 በመቶ መያዙን ሲያስታውቅ፣ የታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት ከ20 በመቶ በላይ ስለነበረው ለገበያ የቀረው ከ6 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ሾርት የተደረገው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋው ከ1,000 ዩሮ አለፈ።

ስለዚህ ይህን መንገድ ከመምረጥዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ። ፊንራ በወር ሁለት ጊዜ የሚያወጣውን የሾርት መጠን፣ ያን ሁሉ መልሶ ለመግዛት በተለመደው የቀን ግብይት ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ እና ደላላው ዛሬ የሚጠይቀውን የውሰት ክፍያ። ከሚዘዋወረው አክሲዮን 20 በመቶው ሾርት ከተደረገ ወይም የውሰት ክፍያው በዓመት ከ10 በመቶ ካለፈ፣ ማስረጃዎ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ይህን መንገድ ይተዉት ነው የምለው።

ፑት መግዛት

ፑት አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ፣ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ፣ የመሸጥ መብት ነው። አንድ ውል 100 አክሲዮንን ይወክላል። የሚያጡት ቢበዛ ለመብቱ የከፈሉትን ፕሪሚየም ነው፤ አክሲዮኑ አሥር እጥፍ ቢወጣም ደላላው ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅዎትም፤ ማንም መልሱ ብሎ አያስገድድዎትም። በሚወጣ ገበያ ሌሊቱን ተኝቶ ለማደር የሚያስችለው መንገድ በአብዛኛው ይህ ነው።

የዚህ ደኅንነት ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። አክሲዮኑ በ50 ዶላር እየተሸጠ፣ በ45 ዶላር የመሸጥ መብት የሚሰጥ የስድስት ወር ፑት 6 ዶላር ቢሆን፣ ውሉ 600 ዶላር ያስወጣል። በስድስተኛው ወር መጨረሻ አክሲዮኑ 40 ዶላር ቢሆን መብቱ 5 ዶላር ያወጣል። አክሲዮኑ 20 በመቶ ወርዶ እርስዎ 100 ዶላር ከሰሩ ማለት ነው። ትርፍ የሚጀምረው ከ39 ዶላር በታች ነው። ምንም ሳይሆን ቀኑ ቢያልፍና በየስድስት ወሩ በተመሳሳይ ዋጋ ሌላ ቢገዙ፣ በሁለት ዓመት 2,400 ዶላር ይወጣል፤ ይህ የመቶው አክሲዮን የመነሻ ዋጋ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ሁለት ዓመት ብቀድምስ?» ለሚለው ጥያቄ የፑት መልስ «የታወቀ፣ ግን ከባድ ኪሳራ» ነው፤ የተውሶ መሸጥ መልስ ደግሞ «ወይ ጥቂት በመቶ፣ ወይ ያለዎት ሁሉ» ነው።

ብዙ ጀማሪዎች አክሲዮኑን መዋስ ሲወደድባቸው ፑት በመግዛት ያመለጡ ይመስላቸዋል። አላመለጡም። ፑቱን የሚሸጥልዎት ነጋዴ ራሱን ለመጠበቅ አክሲዮኑን ተውሶ ስለሚሸጥ፣ የሚከፍለውን የውሰት ክፍያ በፕሪሚየሙ ላይ ጨምሮ ያስከፍልዎታል። ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በፓልም ጉዳይ ነው። ስሪኮም የተባለው ኩባንያ ማርች 2 ቀን 2000 የእጅ ኮምፒዩተር ይሠራ ከነበረው ቅርንጫፉ ከፓልም ላይ 5 በመቶ ያህሉን ለገበያ አቀረበ፤ የቀረውን ለራሱ ባለአክሲዮኖች በዚያው ዓመት እንደሚያከፋፍል፣ ለአንድ የስሪኮም አክሲዮን አንድ ተኩል ያህል የፓልም አክሲዮን እንደሚደርስ አስታወቀ። በዚያ ቀን ፓልም 95 ዶላር ገደማ ሲዘጋ ስሪኮም ግን 82 ዶላር ገደማ ዘጋ። በሒሳቡ መሠረት የስሪኮም ሌላው ንግድ፣ በባንክ ያለውን ጥሬ ገንዘቡን ጨምሮ፣ ዋጋው ከዜሮ በታች 60 ዶላር አካባቢ ሆኖ ነበር። ስሕተቱን ማንም ሊያሰላው ይችል ነበር፤ ሆኖም የሚዋስ የፓልም አክሲዮን ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፓልም ኦፕሽን መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ፑቱ ከኮሉ፣ ማለትም አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ከሚሰጠው ኦፕሽን፣ እጅግ ውድ ሆኖ ተገኘ። በአክሲዮኑ ዋጋ ላይ የሚታየው ትርፍ በኦፕሽኑ ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በተመሳሳይ ዋጋና ቀን ያሉትን ኮልና ፑት ያስተያዩ፤ ፑቱ ከኮሉ ብዙ የሚበልጥ ከሆነ በስውር የውሰት ክፍያ እየከፈሉ ነው። የመዋዠቅ ግምቱንም፣ ማለትም አክሲዮኑ ምን ያህል ይዋዥቃል ተብሎ በፕሪሚየሙ ውስጥ የታሰበውን፣ ይመልከቱ። አንድ አክሲዮን የዜና ርዕስ ሆኖ በሰነበተበት ሳምንት የሚገዛ ፑት፣ አክሲዮኑ ቢወርድም ደስታውና ድንጋጤው ሲበርድ ፕሪሚየሙ አብሮ ስለሚቀልጥ ሊያከስር ይችላል። ወጪውን ለመቀነስ የሚረዳው አንዱ ዘዴ የ45ቱን ፑት ገዝቶ የ30ውን መሸጥ ነው፤ የተሸጠው 2 ዶላር ቢያስገኝ ወጪው ከ6 ወደ 4 ዶላር ይወርዳል፣ ትርፉ ከ41 ዶላር በታች ይጀምራል፣ ነገር ግን ከ11 ዶላር ወይም ከአንድ ውል 1,100 ዶላር አይበልጥም። ኩባንያው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብለው ካላመኑ በቀር ይህ ልውውጥ መጥፎ አይደለም።

ትልልቆቹ ነጋዴዎችም በሁለቱ መንገዶች መካከል ሲመላለሱ ታይተዋል። ቢል አክማን በዲሴምበር 2012 ኸርባላይፍ የተባለውን ኩባንያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ሾርት ማድረጉን ይፋ አደረገ፤ ካርል አይካን በተቃራኒው ቆሞ ሲገዛ ዋጋው ወጣበት፣ በ2013ም አክማን ከ40 በመቶ በላይ የሆነውን ሾርት ዘግቶ በፑት ተካው። በ2016 ኩባንያው ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ 200 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍልና አሠራሩን ለመለወጥ ግዴታ ሲገባ አክሲዮኑ ወጣ እንጂ አልወረደም፤ ገበያው የፈራው መዘጋቱን ነበርና። አክማን በፌብሩወሪ 2018 ከስሮ ወጣ። ፑቱ ኪሳራውን ገደበለት፤ አምስት ዓመት የፈጀውን ጉዳይ ግን በጊዜ የተወሰነ መብት ሊያሸንፈው አልቻለም።

ማጣመር

አጠራጣሪውን ኩባንያ ተውሶ በመሸጥ በተመሳሳይ ገንዘብ በዚያው ዘርፍ ያለ ጤነኛ ኩባንያ ወይም የገበያውን ኢንዴክስ (የብዙ አክሲዮኖችን ስብስብ) መግዛት ሦስተኛው መንገድ ነው። ገበያው በጠቅላላ ሲወጣ የገዙት ስለሚወጣ፣ የሚቀረው ጥያቄ አጠራጣሪው ከሌላው ይበልጥ ይወርድ ይሆን የሚለው ብቻ ይሆናል፤ ይህም በትክክል ሊያውቁት የሞከሩት ነገር ነው። በሚወጣ ገበያ ተውሶ ለሚሸጥ ሰው ይህን ማድረግ ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ማጣመር ከመጨናነቅ አያድንም። ፎልክስቫገንን ሾርት ካደረጉት ፈንዶች ብዙዎቹ የኩባንያውን ድምፅ አልባ አክሲዮን ገዝተው ድምፅ ያለውን የሸጡ ነበሩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል ብለው ሲጠብቁ በአንድ ሌሊት ተንቦረቀቀ። በጃንዩወሪ 2021ም የሾርት ኪሳራቸውን ለመክፈል የተገደዱ ፈንዶች በእጃቸው ያሉትን ጥሩ አክሲዮኖች ስለሸጡ፣ የሸጡትም የገዙትም በአንድ ቀን ተመታ።

የተገላቢጦሽ ኢቲኤፍ

ይህን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ለዚህ ዓላማ አይሆንምና። እነዚህ ኢቲኤፎች ኢንዴክሱ በቀን የሚያደርገውን ለውጥ በተቃራኒው ለመስጠት በየቀኑ ይስተካከላሉ። ኢንዴክሱ ከ100 ወደ 90 ወርዶ በማግሥቱ ወደ 100 ቢመለስ፣ ተገላቢጦሹ ከ100 ወደ 110 ወጥቶ ወደ 97.8 ይወርዳል። ገበያው ባለበት ቆሞ ገንዘብዎ ይሸረሸራል ማለት ነው። ከዚህም በላይ እነ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን የሚገለብጡት በጠቅላላው ገበያ ላይ እንጂ እርስዎ በጠረጠሩት ኩባንያ ላይ አይደሉም። ከ2022 ጀምሮ አንድ አክሲዮን ብቻ የሚገለብጡ ኢቲኤፎች ቢፈቀዱም፣ የተሠሩት በአብዛኛው እንደ ቴስላና ኤንቪዲያ ላሉ ታዋቂ ስሞች ስለሆነ አጠራጣሪውን ትንሽ ኩባንያ ላያገኙበት ይችላሉ። ለሁለትና ለሦስት ቀን መከላከያ ካልሆነ በቀር አይያዙት።

አለመግባት

ከአጠራጣሪው አክሲዮን መራቅ፣ ከያዙትም መሸጥ፣ ሙሉ ምርጫ ነው። በዚህ ምርምር የሚገኘው ትልቁ ጥቅም በእኔ ግምት ይህ ነው፤ የቻይናውን የቡና ሻጭ የሉኪን ኮፊን ወይም የጀርመኑን የክፍያ ኩባንያ የዋየርካርድን ሒሳብ ተጠራጥሮ ያልገዛ ሰው ምንም ሳይከፍል ሙሉውን ውድቀት አምልጧል። ሙስሊም አንባቢም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ አብዛኞቹ የእስልምና ፋይናንስ ሊቃውንት የራስ ያልሆነን አክሲዮን መሸጥንም ሆነ የተለመደውን ኦፕሽን ስለማይፈቅዱ፣ ለእርሱ ክፍት የሆነው ይህኛው መንገድ ነው።

መግቢያውን ማዘግየት

የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች የሚበዙበት የናስዳክ ኢንዴክስ በ1999 ብቻ 85 በመቶ ያህል ወጥቷል። በ1998 መጨረሻ 2,200 አካባቢ በነበረበት ጊዜ ሾርት ያደረገ ሰው፣ ማርች 10 ቀን 2000 ኢንዴክሱ 5,048 ላይ ሲዘጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቶበት ነበር፤ ኢንዴክሱ በኦክቶበር 2002 ወደ 1,114 ሲወርድ ያ ሰው ትክክል ሆኖ ተገኘ፣ ነገር ግን እስከዚያ የሚቆይ ገንዘብ የነበረው ጥቂት ነው። ዋየርካርድም እንዲህ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ የኩባንያውን ማጭበርበር የሚከስ ሪፖርት ወጥቶ ነበር፤ አክሲዮኑ ግን ከዚያ እስከ 2018 መኸር ከአራት እጥፍ በላይ ወጣ፣ ኩባንያውም ዳክስ በተባለው የጀርመን ዋና ኢንዴክስ ውስጥ ገባ። በፌብሩወሪ 2019 የጀርመን ተቆጣጣሪ ባፊን ዋየርካርድን ሾርት ማድረግን ለሁለት ወር ከለከለ። 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የለም ተብሎ ኩባንያው ለኪሳራ ያመለከተው በጁን 2020 ነው።

ብዙ ሰው ከጫፉ ላይ ካልሸጥኩ ትርፉ ያመልጠኛል ብሎ ይቸኩላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው የሚያሳየው። በሒሳብ ማጭበርበር የወደቀው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በኦገስት 2000 ከጫፉ 90 ዶላር ደረሰ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጄፍሪ ስኪሊንግ ኦገስት 14 ቀን 2001 በድንገት ሲለቅቅ አክሲዮኑ ገና ከ40 ዶላር በላይ ነበር። በ90 ዶላር ሸጦ በ1 ዶላር ለገዛ ሰው ትርፉ 99 በመቶ ያህል ነው፤ በ40 ሸጦ በ1 ዶላር ለገዛው 97.5 በመቶ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆ፣ ግልጽ ምልክት አይቶ የገባው ሰው ያጣው አንድ ተኩል በመቶ ብቻ ነው። በዋየርካርድም የኦዲት ድርጅቱ ኬፒኤምጂ ኤፕሪል 28 ቀን 2020 ዋና ዋና ሰነዶችን ማረጋገጥ አልቻልኩም ብሎ ሪፖርት ሲያወጣ አክሲዮኑ በዚያ ቀን ከሩብ በላይ ወረደ፤ ቢሆንም የውድቀቱ ዋና ክፍል የመጣው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ኤንሮንን ሾርት በማድረግ የሚታወቀው ጂም ቻኖስም የገባው በ2000 መጨረሻ፣ የቴክኖሎጂው ገበያ ከተሰበረ በኋላ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ስለዚህ ከቀደምትነት መዘግየት ይሻላል። የኦዲተር መልቀቅ፣ የሪፖርት መዘግየት፣ የአክሲዮን ሽያጭ መክሸፍ፣ የዋና ኃላፊ በድንገት መሄድ፣ ከእነዚህ አንዱ እስኪታይ ድረስ የተሰበሰበውን ማስረጃ ይዞ መጠበቅ፣ ምልክቱ ሲታይም ገና በሚቀረው ቁልቁለት ውስጥ መግባት በጣም የተሻለው አካሄድ ነው። አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ሌሊት ሆኖ የሚያመልጥበት ጊዜ አለ፤ ያን መቀበል ያስፈልጋል።

እንደየሁኔታው

ገንዘብዎ ያለው በጡረታ አካውንት፣ በአይአርኤ፣ ከሆነ ተውሶ መሸጥ አይፈቀድም፤ ደላላው ከፈቀደልዎት ፑት መግዛት ይችላሉ። በማርጂን አካውንት (ከደላላው መበደርና መዋስ በሚፈቀድበት) የሚነግዱ ከሆነ፣ ኩባንያው ትልቅ፣ ውሰቱ ርካሽ፣ ሾርቱ ትንሽ፣ የሚወድቅበት ቀን ግን የማይታወቅ ሲሆን፣ ተውሶ መሸጥን ከኢንዴክስ ግዢ ጋር ማጣመር ይመረጣል፤ መጠኑ በመነሻው ከጠቅላላ ገንዘብዎ 2 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ዋጋው ሲወጣም ወደዚያው መጠን እንዲቀነስ አስቀድመው ይወስኑ። የታወቀ ቀን ሲኖር፣ ለምሳሌ የዓመታዊ ሪፖርት ቀነ ገደብ ወይም የዕዳ መክፈያ ሲቃረብ፣ ከዚያ ቀን ሁለትና ሦስት ወር የሚያልፍ ፑት ይሻላል። ውሰቱ ውድ፣ ሾርቱ የበዛ፣ ፑቱም ውድ ከሆነ፣ የሚያውቁትን ብዙ ሰው አስቀድሞ አውቆታል ማለት ስለሆነ ይተዉት።

መውጫውንም ከመግቢያው ጋር ያቅዱ፤ ግብይት ሊቋረጥ ይችላልና። መዲ ዋተርስ የተባለው ድርጅት ጃንዩወሪ 31 ቀን 2020 ስለ ሉኪን ኮፊ ማንነቱ ያልታወቀ ጸሐፊ ያዘጋጀውን ሪፖርት አሠራጨ። ኩባንያው ኤፕሪል 2 ቀን 2.2 ቢሊዮን ዩዋን ያህል ሽያጭ የፈጠራ ሊሆን እንደሚችል ሲያምን አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ26 ዶላር ወደ 6 ዶላር ተኩል ገደማ ወረደ። ከአምስት ቀን በኋላ አክሲዮኑ የሚሸጥበት የናስዳክ ገበያ ግብይቱን አቆመ፤ እንደገና የተከፈተው ሜይ 20 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት ተውሶ የሸጠ ሰው ገዝቶ መመለስ ሳይችል የውሰት ክፍያው ይቆጠርበት ነበር፤ የኤፕሪል ፑት የያዘ ሰው ደግሞ መብቱን ለመጠቀም የሚያስረክበውን አክሲዮን የሚገዛበት ገበያ አልነበረውም። ዋጋው በአንድ ቀን ሦስት አራተኛውን ካጣ፣ ከያዙት ቢያንስ ግማሹን በዚያው ቀን ይዝጉ፤ ፑትዎ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የሚያበቃ ከሆነ ሙሉውን ይሽጡ።